ምርቃት

ከዓለም ገና ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ፣
ጭቃው የሰው ጫማ ጎትቶ ሲያወልቅ፣
የቆራሌው የሙዘይን ግቢ አለ፤
ከተማው የተፋው ሁሉ እዚያ የዋለ፤
የተሰነጠቀ መስታወት፣ የፍሪጅ በር፣
ጎማ የሌለው የሕፃን ጋሪ፣ የቀበሌ ወንበር፣
እና ከሮቶው ክዳን ሥር፣
በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ አንድ ማንዶሊን ነበር።

«ፊትህን አታብራ» አልኩት ለራሴ፣ «ሁሉንም በተራ፤
ሻጭ ዋጋ የሚያነበው ከገዢ ግንባር ነው፣ አደራ!»
ስለዚህ አስቀድሜ ብረት ድስት ጠየቅሁ፣
አንድ የመብራት ቆጣሪ አገላበጥሁ፣
ስለ ዝናቡ አወራሁ፤
ኋላ እንደ ዋዛ፣ «ይሄስ?» ብዬ አነሳሁ።
«ሦስት ሺህ» አለ፣ ቀና ሳይል፣ ሽቦ እየጠቀለለ።
ዝም አልኩ። ዝምታ ዋጋ ያወርዳል ይባል የለ?

ቀላል ነው።
እንደ ደረቀ ቅል ቀላል። ይሄ ደግ ምልክት፤
ስስ እንጨት ማለት፣
እጅ የፋቀው ማለት።
ጀርባው እንደ ግማሽ ዱባ፣
በቀጫጭን ጣውላ የተገነባ፤
ቆጠርኩ፣ አሥራ ዘጠኝ ጎድን፤ አንዱ ሌላ ዓይነት፣
ዋንዛ መሰለኝ፣ የሀገር እንጨት፤
ባሕር ማዶ የተወለደ ገላ፣
እዚህ የታከመ፣ ኋላ።

የስልኬን መብራት በአፉ አስገባሁ፤
ስም አጣሁ።
የሠሪ ወረቀት፣ ማኅተም፣ ዓመት፣ ቁጥር፣
የለም። ያለው አቧራና የሸረሪት ድር፣
ደግሞ አንድ የሙጫ ጠባሳ፣ አራት ማዕዘን፣ የገረጣ፣
ስም የነበረበት ቦታ፣ ስሙ ግን የወጣ።
ሌባ ይሆናል፣ አይጥ ይሆናል፣ እርጥበት ይሆናል፤
ስም እንዲህ ነው፣ ከሙጫው ቀድሞ ይለቃል።

ጉድለቱን ያዝኩ፣ ለክርክር እንዲረዳኝ፤
ከስምንት ክር አምስት ቀርቶ አገኘሁ፣ ቆጥሬ ስገረም እንዳያየኝ።
ከመቃኛዎቹ አንዱ የብስክሌት ሽቦ ነው፤ ድልድዩ የበሬ ቀንድ፤
ፊቱ ላይ ስንጥቅ፣ ከአፉ ወደ ታች የሚሄድ።
አንገቱን፣ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሬ ባንድ ዓይን፣
አየሁት፤ ቀጥ ያለ። ተመስገን።

ከዚያ የአንገቱን ብረቶች በጥፍሬ ዳሰስኩ፣
ደረስኩ፣ ተመለስኩ፣
እዚያው ቀረሁ።
አምስት ቦታ ብቻ፣ እንደ ደረጃ ተረግጦ ያለቀ፤
ሌላው እንደ አዲስ፣ ከጣት የራቀ።
አምስት!
ሠሪው ከየትም ይሁን፣ አንድ የኛ ሰው ኖሮበታል፤
ጣቱ ትዝታን ሲመላለስ መንገድ አውጥቶበታል።
እኔም በሰባዎቹ፣ በቀበሌ ኪነት፣
እንዲህ ያለ ነበር የያዝኩት፤ ለሰልፍ ዕለት
ፈርሜ ወሰድኩት፣ ፈርሜ መለስኩት።

ሳነቃንቀው ውስጡ አንድ ነገር ኳ አለ።
ዘቀዘቅሁት፤ ከማበጠሪያ ጥርስ የተቆረጠ መምቻ መዳፌ ላይ ዋለ።
እጄ ከዳኝ።
ስድስት ሰባት ድምፅ ነው የመታሁት፣ አልበለጠም፤
ስንጥቁ ነዘረ እንጂ ቃሉን አላጠፈም።

ሙዘይን ሽቦውን አስቀምጦ ቀና አለ።
«አምስት ከአምስት መቶ» አለ።
«ምነው? አሁን ሦስት አላልክም?»
«ያኔ ዝም ብሎ ነበራ! የዝምታና የንግግር ዋጋ እኩል አይደለም።»
ጉድለቱን ደረደርኩለት፤ ክሩን፣ ስንጥቁን፣ ስም ማጣቱን።
«ጉድለቱን እንዲህ ያወቀ ሰው» አለ፣ «ትቶት አይሄድም ቤቱን።»

በአራት ሺህ ስምንት መቶ ተጨባበጥን፤ ጡረታዬ ተላጨ።
«ምርቃትስ?» አልኩ።
ዙሪያውን አየ። ገመድ የለ፣ የሚረባ ከረጢት የለ፤
እጁን ወደ ላይ ዘረጋና «ድምፅ አያሳጣህ» አለ።
አሜን አልኩ።
መምቻዋን ግን አላሳየሁትም። በኪሴ ነበረች።
እሷ ላይ ዋጋ አልቆረጥንም።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ አየኝ፣ ዕቃውን አየ፤
«ይሄ ቦታ ይይዛል» አለ፣ «የአንድ ሰው ትከፍላለህ።»
አልተከራከርኩም።
ከፈልኩለት፤
በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኩት።