ቁልፍ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖስታ አመላልሻለሁ፣
ከሰው ፊት ይልቅ የእጅ ጽሕፈቱን አውቃለሁ።

ከያብሎኔትስ በላይ፣ ጥዱ ከሚያልቅበት፣
ቦሁሚላ አለች፣ ባለ አንድ መስኮት ቤት።
ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ፣
በስኒ ማስቀመጫ ዶቃ ዘርግፋ፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
ካርድ ትሠራለች፣ የሱቁን ንቃ፣ ጥላ።

ለሕፃን ልደት፣ ዳክዬ በቢጫ ዶቃ።
ለሙሽራ፣ ካርዱ ላይ የታሰረ ነጭ አምባር፣ ፈትታ የምታጠልቀው።
ለታመመ፣ ባዶ ወረቀት፣ መሃሉ ላይ አንዲት ሰማያዊ።
«ሕመምተኛ ብዙ ማየት ይደክመዋል» ትላለች።

ዶቃ ያዘለ ፖስታ ሆዱ ይነፋል፤
ማኅተም መቺው መኪና ካገኘው ይደቅቃል፣ ይረግፋል።
ስለዚህ የእሷን ለብቻ፣ በደረት ኪሴ።
ደንቡ አይፈቅድም፤ የፈቀድኩት እኔ ነኝ፣ ለራሴ።

በያመቱ ታኅሣሥ ግን አንድ ፖስታ ነበር፣
ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን የሚወጣ፣ እሽጉ ሳይሰበር።
ለሊቡሼ ነው፣ ለእህቷ፣ ኒሳ ወንዝ ዳር ላለች።
ሊቡሼ ጽሕፈቱን በበሩ ስንጥቅ ታያለች፣
«ለላኪው መልስ» ትላለች።
እመልሳለሁ። ቦሁሚላም ትቀበላለች፣
«ዳገቱ አልከበደህም?» ብላ ስለ እግሬ ትጠይቃለች።

የጠባቸው ሥር ያባታቸው ቁም ሣጥን ነው፤
ስልሳ መሳቢያ፣ ሁሉንም ዶቃ የሞላው።
ሲሞት ተካፈሉት። አረንጓዴው ለሊቡሼ ደረሰ፣
ቀዩ ለቦሁሚላ። አንድ ክፉ ቃል ሌላ ቃል ቀሰቀሰ።
ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ፤
በቦሁሚላ ካርድ ላይ ቅጠሉ ሁሉ ቡኒ ሆኖ ተለጠፈ።

ባለፈው ታኅሣሥ በረዶው ላይ አዳለጠኝ።
ፖስታው ከኪሴ ወጥቶ በድንጋይ ጠርዝ ተቀደደ፣
ቀዩ ዶቃ በነጩ ላይ እንደ ነስር ተንጠባጠበ።

ተንበርክኬ ለቀምኩ፣ ጓንቴን አውልቄ ለቀምኩ፤
ማታ ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ መርፌ ጨበጥኩ።
ሃያ ሦስት ቦታ፣ ሃያ ሁለት ዶቃ።
ኪሴን ገለበጥኩ፣ የቦርሳዬን ስፌት ሳይቀር ፈተሽኩ፤ የለም።
ከደንብ ልብሴ እጅጌ ቁልፍ በጠስኩና
በጎደለው ሰፋሁት። አስቀያሚ ነበር፣
በወለቀ ጥርስ ቦታ እንደ ተተከለ ብረት።
አዲስ ፖስታ አወጣሁ። አድራሻውን እኔው ጻፍኩት።

ሊቡሼ ጽሕፈቱን አላወቀችም። ከፈተች።
በሩ ላይ ቆማ፣ እኔም ቆሜ፣ ዝም አለች።
አውራ ጣቷ በጉንጉኑ ዞረ፣ ዞረ፣ ቁልፉ ጋ ቆመ።
«ዓይኗ ጠፍቷል ማለት ነው?
ቁልፍን ከዶቃ መለየት አቅቷታል ማለት ነው?
ክሩን እየው! የቦሁሚላ እጅ እንዲህ አይንቀጠቀጥም ነበር።»

አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ።
በደንቡ ውስጥ ስለ ዝምታ የተጻፈ የለም፤ በኋላ ፈልጌአለሁ።

ከመሳቢያ አንድ እፍኝ አረንጓዴ
በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ አንዴ፣
ኮቷን ሳትቆልፍ ዳገቱን ጀመረች።

ምን እንደተባባሉ አላውቅም።
ፖስተኛ የሚያውቀው የፖስታውን ውጭ ነው።
ማታ ስመለስ ግን በአንዱ መስኮት ሁለት ጥላ
አንድ ሳህን ላይ አጎንብሶ ነበር።

በመጋቢት ለእኔ ፖስታ መጣ።
ወደ ገዛ ቤቴ ተሸክሜ ወሰድኩት፣ በደረት ኪሴ።
ቀይ ጽጌረዳ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ቅጠል፣
መሃሉ ላይ፣ አራት ቀዳዳ ያለው፣ የሸሚዜ ቁልፍ።
ከሥሩ አንዲት መስመር፣ ግማሿ በአንዷ እጅ፣ ግማሿ በሌላዋ፦
«ስፌትህ ግን ያሳፍራል።»

እጅጌዬ እስካሁን ክፍት ነው። ሽቅብ ስወጣ ነፋስ ይገባበታል።