ያማረው ፊርማ

በገመድ ጋሪ ላይ፣ በቺያቱራ ሰማይ፣
ካርዴን ገለጥኩት ጎረቤቴ ሳያይ።
ሂሳብ አራት ከአስር፤ በቀይ ተከቦ፣
የፊርማው ክፍት ቦታ ያፈጣል ተርቦ።
“ኦታር” ብዬ ጻፍኩኝ፣ አሳምሬ ጣልኩት፤
በአባቴ ስም ሆኜ ራሴን ማርኩት።

ማታ ከማዕድኑ አቧራ ለብሶ መጣ።
ካርዱን አየ፤ እኔን አየ፤ አሁን ነው ሊቆጣ።
“አራቱስ ያድጋል፤ ይህ ፊርማ ግን፣ ልጄ፣
መሰርሰሪያው ነዝሮት፣ ቀጥ አይልም እጄ።”
ብዕሬን ተቀብሎ ከጎኑ ፈረመ፤
ስሙ ተንቀጥቅጦ ወደ ታች አዘመመ።

ጠዋት ፂያላ መምህሬ፣ ሁለቱን ገምግማ፣
ጣቷን አሳረፈች በጎባጣው ፊርማ፦
“ይኼኛው ነው የሐሰት፣ ናቴላ” አለች።
ክፍሉ ዝም። በመስኮት ጋሪዋ አለፈች።

ድምፄ እንደ አባቴ እጅ እየራደ ያኔ፦
“እሱ እውነተኛ ነው። ያማረው ነው የኔ።”