ከእግርዎ በታች

ከእናቴ ወጥ ቤት በላይ፣ ዘጠኝ ፎቅ ከፍ ብዬ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራሁ፣ ደምሬ አካፍዬ።
የግብር ክፍል ነበር፣ መስኮት ቁጥር አራት፤
አንዱ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ይዞ ምክንያት።

ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ያን የመጋቢት ሌሊት።
የወደቡ ጩኸት ሲሰማ፣
እናቴ አይቪ ድስቷን ከእሳቱ አወረደች፤
«ስንመለስ እናሞቀዋለን» ብላ ከደነች።
ጉድጓድ ገባን። ምድር እስኪነጋ አነጠሰች።
ስንወጣ ፍሊንት ጎዳና በቦታው አልነበረም፤
ጎረቤት አልነበረም፣ ጥግ የሚባል አልነበረም።
ድስቱ ብቻ ተገኘ፣ ከነክዳኑ፣ አመድ ውስጥ።
ዳሰሰችው።
እውነቷን ነበር፤ ሞቋል።

ከዚያ ሰዎች መጡ፣ ረጅም እርሳስ የያዙ፣
በነጭ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያበዙ።
«ጠማማ መንገድ ይብቃ፣ ጨለማ ጓዳ ይብቃ፤
ብርሃን ይግባ፣ ነፋስ ይግባ፣ ከተማዋ ትንቃ!»
እናቴ ከንፈሯን ነክሳ፣
«ቀጥ ያለ ሁሉ ቀና አይደለም» አለች።
እውነቱን ለመናገር ግን የእኛም ጓዳ
በቀትር መብራት የሚሻ ነበር፤
አይጡንም በስሙ እንጠራው ነበር።

ዓመታት ፈጀ። የብረት አጥንት፣ የሲሚንቶ ሥጋ፣
የመስታወት ቆዳ ለብሶ፣ ፎቁ ደመና ተጠጋ።
አናቱ ላይ እንደ ቢራቢሮ ሁለት ክንፍ ተገጠመ፤
ከሥሩ ኩሬ ተኝቶ፣ ቁመቱን ገልብጦ ደገመ።

ሥራ በያዝኩ ሰሞን እናቴን በሊፍት አወጣኋት።
«ምድጃዬ የት ጋ ነው?» አለች። በጣቴ አሳየኋት፦
«እዚያ፣ ከምድር ቤቱ፣ ከማሞቂያው ጋን አጠገብ።»
ቆየች፣ ቆየችና፣
«ደግ ነው» አለች፤ «ቦታው እሳት አላጣም።»

ያም ማዘጋጃ ቤት ነበር፣ ይህም ማዘጋጃ ቤት፤
ያኛው ሾርባ የሚወጣበት፣ ይህኛው ደረሰኝ የሚቆረጥበት።

አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፣ አሁን ማን ይከሰኛል?
በድሮው ትልቅ መዝገብ፣ ጀርባው በክር በተሰፋ፣
«ፍሊንት ጎዳና፣ ቁጥር አሥራ ስድስት» የሚል አገኘሁ፣ ቀለሙ ሳይጠፋ።
የጠፋውን መንገድ ሁሉ ሰርዢ ተብዬ፣
ሌላውን ሰረዝኩ። እሱን አልሰረዝኩም።
ሚያዝያ በመጣ ቁጥር፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ፣
ከአንጻሩ እሞላለሁ፦ «ቤት አለ። ግብር የለም።»

አንድ ቀን ተቆጣጣሪው፣ ሚስተር ላክስተን፣ ገለጠ፤
ጣቱ እመስመሩ ላይ ቆመ፣ ፊቱ ተለወጠ።
«ሚስ ለስከም፣ ይህ ቤት የት ነው?»
«ከእግርዎ በታች» አልኩት።
ጫማውን አየ። እኔን አየ።
መዝገቡን ቀስ ብሎ ከደነው፣
እንደ ድስት።

አሁን ሕንፃው ባዶ ነው። ኩሬው ከደረቀ ቆየ፤
ልጆች ባለጎማ ሳንቃ ይጋልቡበታል።
ማሞቂያው ጠፍቷል። አሳንሰሩ ስንተኛው ፎቅ ላይ እንደቆመ
የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ትናንት አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣
ኪረን የሚባል ልጅ፣ ባለ ቢጫ ኮት፣
ብዕርና ወረቀት ዘረጋልኝ፦
«ይፍረስ የምንል ነን፤ እማማ፣ ይፈርሙ?
ሲያዩት አያስጠላዎትም?»
«ያስጠላል» አልኩት፤ «ዝናብ ሲመታው በተለይ።
ግን ይህ ቦታ አንዴ ፈርሷል፤ ያኔ ማንም አላስፈረመን።»

እንዳላሳፍረው ወረቀቱን ተቀበልኩ።
የስሙን ዓምድ ተውኩ፣ የፊርማውን ተውኩ፣
አድራሻ በሚለው ሥር በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩ።
ልጁ ስልኩን ነካካ፣ ደጋግሞ ነካካ።
«ይህ ጎዳና እኮ የለም!»

ከባሕሩ ነፋስ መጣ።
ላይ፣ አንድ የላላ መስታወት ተንኳኳ።
ዘጠነኛው ይመስለኛል።