ሰባት ጊዜ ንካ

ሸዋበር ቁልቁለቱ ላይ ሁለት በሁለት ሱቅ አለኝ፣
ስልኩ የወደቀበት ሁሉ «አሚናት፣ ድረሺ» የሚለኝ።
ቻርጅ የማይዝ፣ ድምፅ የዋጠ፣ ሽንት ቤት የገባ ሳይቀር፣
ሆዱን ከፍቼ አይቻለሁ። አንድ ነገር ሲቀር፦
ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን፣ ጣት ሲነካው የሚነቃውን፣
ያን ትንሽ ዓለም የሚሠራው ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ጥቅምት ላይ እቁብ ወጣልኝ። ፒያሳ ሄጄ ላፕቶፕ ገዛሁ፤
ማጠፊያው በሽቦ የታሰረ፣
ገመዱ ሲነቀል የሚሞት፣ ራሙ አራት ጊጋ ላይ የቀረ።
ወንድሜ ይማም ሳቀ፦ «በዚህ ነው አፕ የምትሠሪው?»
«በዚሁ» አልኩት። «አብሽር።»

ማውረድ ይሉታል። እኔ የማውቀው የሚወርድ ነገር
ዝናብ ነው፣ ጦሳ ጫፍ ያደረ ጉም ነው፣ ድንጋይ ነው በክረምት።
ይሄ ግን ይወጣል እንጂ አይወርድም፤ ሲሚንቶ የጫነ ኢሱዙ
ሀረጎን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ እንደሚወጣት።
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ፣ ፓኬጁ ሲረክስ፣
ብርድ ልብስ ተከናንቤ ቁጥሩን አየዋለሁ፦
አርባ በመቶ። አርባ አንድ። አርባ አንድ። አርባ አንድ።
ዘጠና ሰባት ላይ መብራት ሄደ።
የሰፈሩ ውሻ ጮኸ። እኔም ትንሽ ጮኽኩ።
በማግስቱ ከአንድ ጀመርኩ።

ወርዶ ሲያልቅ ቀይ ጽሑፍ፦ «የጃቫ ቤት አልተገኘም።»
የማን ቤት? ደሴ ውስጥ ቤት መጠቆም እንኳ አይቸግርም፤
ከቧንቧ ውሃ ወደ ላይ፣ ወፍጮው ጋ ወደ ግራ፣
«የይመር ልጅ ቤት» ብትል ሕፃን ያደርስሃል፣ ከሰማያዊው በር ስፍራ።
ይሄኛው በእንዲህ ያለ ወሬ አይመጣም። ሁሉን ቁልጭ አድርጎ ይሻል፤
ፎልደሩን፣ የፎልደሩን ፎልደር፣ ሰረዙ ወዴት እንዳጋደለ።
ሦስት ቀን ቤት ስጠቁም ከረምኩ።
በአራተኛው፣ «እሺ» እንኳ ሳይል፣ ዝም አለ።

ውስጡ ደግሞ የውሸት ስልክ አለ፤ ኢሙሌተር ነው ስሙ።
ስከፍተው ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ተሰበረ ቅስሙ።
የውሸት ለምን? የእውነቱ ሞልቶ በመሳቢያ!
አንድ ቴክኖ አወጣሁ፤ መስታወቱን ከቀየርኩለት ስምንት ወሩ፣
ጌታው የውሃ ሽታ ሆኖ፣ ቢደወል የማይነሳ ቁጥሩ።
«ሙሄ፣ ኮምቦልቻ» ይላል ጀርባው ላይ የለጠፍኩት ወረቀት።

«ሴቲንግ ግባ፤ የመጨረሻውን ቁጥር ሰባት ጊዜ ንካ።»
ሰባት? እንደ ጠዋፍ? አስተግፊሩላህ።
ነካሁ። ሰባት ሞላ።
«አሁን ዴቨሎፐር ነዎት» አለኝ ስልኩ፣ በአንቱታ።
አንዲት መስመር ሳልጽፍ! አሥር ዓመት ጣቴን በካውያ ሳቃጥል
አንቱ ያለኝ የለም፤
ማዕረግ እንዲህ በቀላል?

ገመዱን ሰካሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ነጭ ገጽ።
መሃሉ ላይ፣ በራሴ ጣት የጻፍኳት አንዲት ቃል፦
አለሁ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ማንን ልቀስቅስ?
እየደጋገምኩ ነካኋት።

ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው መጣ፤ ከስቷል፣ ኮቱ ሰፍቶታል።
«ሙሄ እባላለሁ፤ አሞኝ ነው የቆየሁት። መቼም ስልኬ ተሸጧል።»
አልተሸጠም። ሰጠሁት። ዓይኑ አዲሷ ምልክት ላይ ቆመ።
«ይቺ ምንድን ናት? ቫይረስ ነው?»
«የኔ ሥራ ናት፤ ረስቼ ነው፤ ላጥፋልህ።»
ነካት። «አለሁ» አለችው።
ዝም ብሎ አያት። እንደገና ነካት።
«ሌላስ ምን ትሠራለች?»
«ሌላው ገና ነው።»
«እንግዲያ ትቀመጥ» አለና ሂሳቡን ቆጥሮ ሰጠኝ፣
ሃያ ብር ጎድሎ። ምንም አላልኩም።

ደጅ ላይ ረዳቱ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል።
የመጀመሪያ ሥራዬ በማላውቀው ሰው ኪስ ሆና
ሀረጎን ወረደች፣
የትም ሳትቆም፣
መብራት ሳይጠፋባት።