ባትሪ ያዥዋ

የቆርቆሮው ገንዘብ በቆርቆሮ ፈንታ
በጋዜጣ ታስሮ ቤት ገባ አንድ ማታ።
ፈታሁት፦ ብረት ነው፤ ሁለት ጉሮሮ ያለው፣
አንሴልሞ ወንድሜ ገዝቶ ያስነቀለው።
እናቴ አየችና ቃል አልተናገረች፤
ባልዲዋን ጎትታ ከጠብታው ሥር አኖረች።

ካሙይ ነው ቤታችን፣ ከባሕር አጠገብ፤
ጣራችን ያን ዓመት ሄደ ባውሎ ነፋስ፤
ሰማያዊ ሸራ አለን እስከ ዛሬ ድረስ፣
ነፋስ በመጣ ቁጥር ቆሞ የሚያጨበጭብ።

ግቢው ውስጥ ማዝዳዋ፣ ካርባ በላይ ዕድሜዋ፣
የጨው አየር በልቶት ዝጓል መከለያዋ።
ፒስተን የላት እሷ፤ በሆዷ ውስጥ ያለው
ጎኑ ሦስት የሆነ፣ የሚሽከረከረው፣
እንደ እንቁላል ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ ታስሮ
ግድግዳ እየላሰ የሚኖር ነው ዞሮ።

እኔ ባትሪ ያዥ ነኝ።
አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ከሰባት ጀምሬ ይዣለሁ።
«ወደዚህ» ይለኛል። «አይ፣ ወደዚያ።» «ፊቴ ላይ አይደለም!»
ካቻቢቴው ሲወድቅ ከሞተሩ አንጀት የማወጣው እኔ ነኝ፣
እጄ ቀጭን ስለሆነ።

አሮጌውን ፈታ፤ የማስገቢያውን አፍ በጨርቅ ደፈነ፤
አንዲት ብሎን ብትወድቅ ያ ሞተር አበቃለት።
ጋርኒሲዮን አነጠፈ፣ አዲሱን አስቀመጠ፣
አራቱን ብሎኖች በመስቀል አጠበቀ፣
የቤንዚኑን ግፊት ቀነሰ፣ ተንሳፋፊውን በሚሊሜትር ለካ።
ፔዳሉን አስረገጠኝ፦ «እስከ መጨረሻው!»
ከላይ አጎንብሶ አየ፤ ሁለቱ በሮች እኩል ተከፈቱ።

ቁልፉን አዞረው።
ሳለች። ተነሳች። ብራፕ፣ ብራፕ፣ ብራ...
ሞተች።

ካንዴላ ነቀለ፤ ነጭ ነው፣ እንደ አመድ።
«ቤንዚን አነሳት» ብሎ ትልቅ ዢግለር አገባ።
ጥቁር ጭስ ተፋች።
ትንሹን መለሰ። ጋዝ ሲረገጥ ተደናቀፈች።
ሦስት ምሽት እንዲህ፦ ሲበዛባት ታፍና፣ ሲያንሳት ተርባ።
«የተረገመች!» አለ፣ እኔን እያየ።

በሦስተኛው ምሽት ዶን ቶሪቢዮ መጣ።
ማርሚታ አልባ ሞተር ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ጆሮውን በልቶበት፣ በእጅ ነው የሚሰማው ሁሉ።
መዳፉን መከለያዋ ላይ ጣለ፤ ዓይኑን ጨፈነ።
ጭሱን በአፍንጫው ሳበ፣ እንደ ወጥ ቀማሽ።
«ካርቡራተሩ ጥፋት የለበትም» አለ፣ ደንቆሮ እንደሚጮኸው ጮክ ብሎ፤
«በሌላ ቀዳዳ ትተነፍሳለች።
እሱን ለማግኘት ጆሮ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የለኝም።»
ወንድሜን አላየውም። ያየው እኔን ነው።

ባትሪውን አስቀመጥኩ።
ቁራጭ የጎማ ቱቦ ሰጠኝ፤ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ ደገንኩ፣
ሌላውን በብረቱ ዙሪያ ቀስ ብዬ አስኬድኩ።
ከዛፍ እንቁራሪቶቹ፣ ከኮኪዎቹ ጩኸት ሥር፣
ከሸራው ጭብጨባ ሥር፣
እናቴ ለራሷ ከምታጉረመርመው ሥር፣
አንዲት ቀጭን ፉጨት።
ከጋርኒሲዮኑ ጥግ፣ ፀጉር ከምታክል ስንጥቅ።

«እዚህ» አልኩ።
አንሴልሞ ባትሪውን አነሳ።
«ፊቴ ላይ አይደለም» አልኩት።

ሱቅ ተዘግቷል። አዲስ ጋርኒሲዮን ከየት ይምጣ?
እናቴ የቁርስ ካርቶን ይዛ ብቅ አለች፤
ውስጡ የቀረውን ሳህን ላይ ገለበጠች፤
«ይበቃችኋል?» አለች። ሌላ ቃል የለም።
በመቀስ ቆረጥነው፤ በግራሶ ቀባነው።

ሩብ ዙር አጠበቀ፣ ሩብ ዙር አላላ፣
መዳፉ ሰማለት፣ አልጠየቀም ሌላ።
ሚኒሞዋ ረጋ፣ ትንፋሿ ተስማማ፣
ብራፕ ብራፕ ስትል ጎረቤት እስኪሰማ።

ከዚያ ዝናብ ጀመረ።
እናቴ ባልዲዋን ልታይ ገባች።
ጠብታው ቶሎ ቶሎ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ።
«ብንሸጠው ስንት ያወጣል?» አለች ከውስጥ።
ማንም አልመለሰላትም።
ዶን ቶሪቢዮ ብቻ፣ ምንም ሳይሰማ፣ ፈገግ ብሎ ቆሟል፤
ዝናቡ በእጁ ጀርባ ላይ ይወርዳል፤
መዳፉን አላነሳም።