ሠላሳ ስምንት ኢንች

ጎማ አይዋሽም፤ ሰው ነው የሚዋሽ።
ስቴይንቶር፣ የአኩሬይሪው ሽማግሌ፣
ፒካፑን ከደጄ ሲያቆማት
ቁመቷ ያው ነው፣ መሰላል ያሻታል፤
እሱ ግን በሩን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣
መሬቱን በእግር ጣቱ ፈልጎ ወረደ።

«አሁንም ትወጣለህ ከበረዶው ተራራ?»
«ቅዳሜ ቅዳሜ» አለኝ።
ጎንበስ ብዬ አየሁ።
ጥርሱ ከመሃል አልቋል፣ ዳር ዳሩ እንዳለ ነው፤
አንድም የድንጋይ ጭረት፣ አንድም ቁስል የለው።
የአስፋልት ሥራ ነው፦
ዓሣ ገበያ፣ ሐኪም ቤት፣ ቤት።

ሁለት ጎማ አውጥቼ ጎን ለጎን አቆምኩ።
«ይሄ ትንሹ ድምፅ የለው፣ ነዳጅ አይጠጣ፣
ዋጋውም ግማሽ ነው» ስለው አልመለሰልኝም፤
መዳፉን ከፓራፋንጎው ሥር ሰደደ፣
ትንሹ ቢገባ የሚተርፈውን ባዶ ለካ።
«በዶሮ እግር የቆመ በሬ ልታደርጋት ነው?»

ልጁ ብሪንያ ደወለች፤ ድምጿ እኔም ጋ ደረሰ፦
«አባዬ፣ ትንሹን በለው፣ ጉልበትህ እኮ...»
«እሺ» አላት፣ «እሺ»፤
ስልኩን ዘጋና
በአገጩ ትልቁን አሳየኝ።

አራቱንም ከቸርኬው ጋር ጧ ብለው እስኪገጥሙ ነፋሁ።
«አሁን አስተንፍስልኝ» አለ፣
«እንደ በረዶው ልክ።»
«አስፋልት ይበላቸዋል! ዓመት አይሞሉም።»
«እኔስ?»

ነፋሱን ለቀቅሁት። ጎማው ሆዱን ዘርግቶ ተኛ።
በደረቅ መንገድ፣ በጠራራ ቀን፣
መብራቱን አብርቶ ሄደ፣
መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣
ሥሩ ስንጥቅ ያለበት በረዶ ላይ
እንደሚሄድ ሰው።