የምን ሰልፍ ነው?

የማዋለጃ ክፍላችንን በመስከረም ዘጉት፤
አልጋውን በካሚዮን ወደ ቤልግሬድ ወሰዱት።
አልጋው ዋና ከተማ ሄደ፣ ምጡ እኛ ዘንድ ቀረ፤
በጥር የስታኒያ ልጅ በበረዶ መጥረጊያ መኪና ተወልዶ
በሾፌሩ ጃኬት ተጠቅልሎ አደረ።

ያኔ ነው እንሰለፍ ያልነው። ራዶይካ አዋላጇ
ነጭ ጋዋኗን ተኩሳ ማመልከቻ ጻፈች በእጇ።
በስድስተኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት
መልስ መጣ፦ «ሠላሳ ሰው። አንድ ሰዓት።
ቦታው ከአሮጌው የእህል መጋዘን ጀርባ፤
ድምፅ ማጉያ የለም፣ ከበሮ አይገባ፤
የመፈክሩ እንጨት ከአውራ ጣት አይወፍር፤
ከሠላሳ የተረፈ ይያዝ፣ ይታሰር።»

ከመጋዘኑ ጀርባ እርግብ ብቻ ነው ያለው።
ለእርግብ ነው እንግዲህ አቤት የምንለው።

አዛዡ ቭላስቲሚር ክፉ የሚባል ሰው አይደለም፤
ዳቦ ከእኔ ነው የሚገዛው፣ ዱቤ ጠይቆኝ አያውቅም።
እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር አንገቱ ላይ አድርጎ መጣ፤
እንጨታችንን ለካ፣ ሦስቱን «ወፍራም» ብሎ ሰበረ፤
ከዚያ በጣቱ እየጠቆመ ሰው ቆጠረ፤
ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ...
የስታኒያ ሕፃን ላይ ሲደርስ ጣቱ አየር ላይ ቀረ።
«እሱም ይቆጠራል?» አለ ምክትሉ።
ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው።
«ይቆጠር።»
ስለዚህ ትሪቮ፣ ጡረተኛው ባቡር ነጂ፣ ሠላሳ አንደኛ ሆነና ወጣ።

ወጣ እንጂ አልሄደም። አጥሩ ሥር ቆመ፣ ተራውን ሊጠብቅ፤
«አንዱ ሲደክመው እገባለሁ» አለ ሳይስቅ።
ከኋላው ሌላ ቆመ፤ ከሌላው ኋላ ሌላ፤
በማግስቱ ሰልፉ ድልድዩን ተሻገረ፣
የዓሣ ገበያውን፣ ፀጉር ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ዞረ፣
ዳቦ ቤቴ ደጃፍ ከዳቦ ገዢው ጋር ተደባለቀ።
ወረቀቱ ስለቆመ ሰው እንጂ ስለሚጠብቅ ሰው ያለው ነገር የለም።

በአራተኛው ቀን ቭላስቲሚር
የራስ ቁር ያጠለቁ፣ ከሌላ ከተማ የመጡ ልጆች አስከትሎ መጣ።
«ይህ የምን ሰልፍ ነው?»
«የዳቦ።»
«ያኛውስ?»
«ዳር ላይ ያለው የዳቦ ነው፤ መሐሉን እንጃ።»
«የዳቦው የት አብቅቶ ያኛው የት ይጀምራል? አሳየኝ!»
ዱቄት በለበሰ ጣቴ ልጠቁም አልኩና እኔም ጠፋብኝ፤
የራበው የቱ ነው፣ የከፋው የቱ ነው?
የማየው ጀርባ ነው። ካፖርት የለበሰ ጀርባ።

አልተከራከሩኝም። ሰልፉን እንደ ሊጥ ቆረጡት፣
ቢላዋው ባረፈበት።
አሥራ አንድ ሰው ጫኑ፤ ዘጠኙ በእጃቸው
የዳቦ ሳንቲም እንደጨበጡ ነበር።
ራዶይካ ስትወድቅ ጋዋኗ ላይ የጫማ ሶል ታተመ፣
ከማኅተሙ ይልቅ ጥርት ብሎ የሚነበብ።
እኔ የመኪናውን በር ይዤ ነበር፤ ጎተቱኝ፤
የዱቄት መዳፌ ጥቁሩ ብረት ላይ ቀርቶ
ከተማውን ዞረ።

ማታ ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ፦
«ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሁለት ሰውም ቢሆን
ተከታትሎ መቆም ክልክል ነው።»

ሲነጋ ምድጃው ግሏል፤ ሰው የለም።
አሮጊቷ ዴሳንካ ብቻ በምርኩዟ መጣች፣
ማስታወቂያ ለማንበብ መነጽር የላትም።
ትንሽ ቆይቶ ከኋላዋ አንድ ሰው ቆመ፤
የደንብ ልብስ አልለበሰም፣ ፂሙን አልተላጨም፤
ቭላስቲሚር ነው። እንደ ዘወትሩ ሳንቲሙን ቆጥሮ ይዟል።

ዴሳንካ ዞር አለች፤ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፦
«አንተ ልጅ፣ የምን ሰልፍ ነው?» አለችው።

እሱ ጫማውን አየ። እኔ ሚዛኔን አየሁ።
ምድጃው ውስጥ ቅርፊት ሲሰነጠቅ ይሰማል።
አልመለሰላትም።
ከመስመሩም አልወጣም።